«ተገናኝቷል»፦ በጊንጆ በሚገኝ አንድ ኮምፒዩተር ላይ የተካሄደ ጥልቅ ጥናት

ጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ውስጥ አንድ ኮፒ ቤት አለ። በሩ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ኢንተርኔት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከአራቱ ሦስቱ እውነት ናቸው። ይህ ጥናት የሚመለከተው አራተኛውን ነው።

የጥናቱ ናሙና አንድ ኮምፒዩተር ነው። «ናሙናው አነሰ» የሚል መርማሪ አይጠፋም። በቤቱ ያለው ኮምፒዩተር በጠቅላላው አንድ ስለሆነ ናሙናው መቶ በመቶ ሽፋን አለው፤ ከዚህ የተሻለ ውክልና ያለው ጥናት በበኩሌ አላጋጠመኝም። ኮምፒዩተሩ ቀን ይሠራል፣ ማታ ዳንቴል ለብሶ ያድራል። ሲፒዩው በሁለት ብሎኬት ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ የጅማ ክረምት ሳያንኳኳ የመግባት ልማድ አለውና።

ተጠኚዎቹ አራት ናቸው። ተጠኚ ሀ የቤቱ ባለቤት ሲሆኑ ሰፈሩ «እትዬ» ይላቸዋል። ተጠኚ ለ የእህታቸው ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ተጠኚ ሐ በሞተር ሳይክል እየዞረ የሚጠግን ቴክኒሻን ነው። ተጠኚ መ በየሐሙሱ ከአጋሮ እየመጡ «እስቲ ኒው ዮርክ ዛሬ ቡናን ስንት አለች?» ብለው የሚጠይቁ ነጋዴ ናቸው፤ «ሐጂ» ይባላሉ። የሁሉም ስም በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት ተሰውሯል። ጊንጆ ውስጥ ግን ይህን ያነበበ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ችግሩ እንዲህ ነው። በስክሪኑ ታች፣ በስተቀኝ፣ የዋይፋይ ምልክት አለ። ቅስቶቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው። ሲነኩት «ተገናኝቷል» ይላል። ገጽ ለመክፈት ሲሞከር ግን አንድም አይከፈትም።

ስለ ቃሉ

ማንኛውም ጨዋ ጥናት ከቃላት ትርጓሜ ይጀምራል። «መገናኘት» በአማርኛ ምን ማለት ነው? ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ደህና ነህ፣ ደህና ነህ፣ እንዴት ከርመሃል፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ሥራ ጥሩ ነው፣ ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ሩብ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ይለያያሉ። መረጃ ተለዋውጠዋል ወይ? አልተለዋወጡም። ተገናኝተዋል ወይ? በሚገባ።

ከዚህም የሚብስ አለ። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰነባበት የሚለው «እንገናኛለን» ነው። ቃሉ ሰው ፊቱን አዙሮ ሊሄድ ሲል የሚወጣ ቃል ነው። «እንገናኛለን» ካለን ዘመድ ብዙውን ጊዜ የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ «ተገናኝቷል» ሲል እንዲህ ባለ ቋንቋ ውስጥ የሚኖር ሰው ምን ብሎ ሊረዳው እንደሚገባው ግልጽ ነበር። ጥፋቱ ቃሉን በቁሙ መውሰዳችን ነው።

የኮምፒዩተሩ ቃል ከዚህም የጠበበ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ጎረቤቱን ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ግድግዳ ላይ በሚስማር የተንጠለጠለው ራውተር ነው። «ተገናኝቷል» ማለት «ከራውተሩ ጋር ሰላም ተባብለናል» ማለት እንጂ «ዓለም ደርሷል» ማለት አይደለም። ከራውተሩ በኋላ መስመሩ አለ፤ ከመስመሩ በኋላ አዲስ አበባ አለች፤ ከዚያ ጅቡቲን የመሰለ የጎረቤት አገር ወደብ፣ ከዚያ በባሕር ሥር የተዘረጋ ገመድ። የጅማ ቡናም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ቡናው በጅቡቲ ይወጣል፣ ኢንተርኔቱ በጅቡቲ ይገባል። መንገድ ላይ ቢተላለፉ ሰላም የሚባባሉ ይመስለኛል።

የቀደሙ ሥራዎች ቅኝት

ግንኙነት ኖሮ መዳረሻ አለመኖር ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ገዙ። (እ.ኤ.አ. የሚለውን አሕጽሮት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ በምስክርነት ይጠራል።) ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ። በዛሬ አነጋገር ከማዕከሉ ጋር ተገናኝተዋል፤ ማዕከሉ ግን ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብቶ ፋይል አይከፍትም። የጅማ መንግሥት ዳር ዳሩን በኬላ የታጠረ ነበር። የሚገባውም የሚወጣውም ነጋዴ በኬላው ያልፋል፣ ይጠየቃል፣ ይቀረጣል። ዛሬ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች «ጌትዌይ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ለሂርማታ ገበያ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ይህን ቢነግሩት «ኬላ ነዋ!» ብሎ መንገዱን ይቀጥል ነበር።

ምኒልክም በበኩላቸው ሽቦ ይወዱ ነበር። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር መዘርጋት የተጀመረው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ሐረር «ሃሎ» ሲል አዲስ አበባ «ሃሎ» ካለ ጉዳዩ አለቀ። በመካከል «ተገናኝቷል» እያለ የሚያጽናና ምልክት አልነበረም። ኢንተርኔት አገር ውስጥ ከገባበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ምልክቱና ነገሩ ለየብቻ መኖር ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ የተከማቸው ሥነ ቃል ሰፊ ነው። ዋነኛው «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ይህ ሐረግ በአገራችን በባንክም በመሥሪያ ቤትም መስኮት በኩል የሚነገር ሲሆን፣ ነገሩን ከሰው ሁሉ ጫንቃ አውርዶ ሰማይ ላይ ያስቀምጠዋል። «ዝናብ የለም» እንደማለት ነው። ባለጉዳዩም ልክ ለዝናብ እንደሚያደርገው ቀና ብሎ ጣሪያውን አይቶ ይቀመጣል። «ኔትወርክ የለም» ግን ከዚህ ይለያል፤ ስልክ ማንሳት ያልፈለገ ሰው ሁሉ በኋላ የሚጠራው ምስክር ነው።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ለሳይንስ ያለው ጥቅም አንድ ብቻ ነበር። የማንም ስላልሠራ ማንም የራሱን ኮምፒዩተር አልጠረጠረም፣ አልደበደበም፣ ፎርማት አላደረገም። ሰው ወደ ማሽኑ ዞሮ የሚቆጣው የጎረቤቱ እየሠራ የራሱ ሲቀር ነው።

የጊንጆ ልሂቃን

የእትዬ ኮምፒዩተር ገጽ አልከፍትም ማለቱ እንደተሰማ ሰፈሩ በልዩ ልዩ የአስተሳሰብ ፈለጎች ተከፈለ።

ጥንታዊው የሪስታርት ፈለግ ነው። ይህ ፈለግ ሊናቅ አይገባውም። ራውተር ጠፍቶ ሲበራ የያዘውን ሁሉ ረስቶ፣ ከመስመሩ ጋር እንደ አዲስ ተዋውቆ፣ አድራሻ ተቀብሎ ይነሣል፤ ከችግሮቹ ብዙው በመርሳት የሚፈታ ነው። መመሪያው «ካጠፉ በኋላ ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቁ» ይላል። በጊንጆ ሠላሳ ሰከንድ የሚባል የጊዜ መለኪያ የለም። ትንሹ መለኪያ አቦል ነው። እትዬ ራውተሩን ከዲቫይደሩ ነቅለው ቡና ይቆላሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ያፈላሉ፤ አቦሉ ሲቀዳ ይሰኩታል። ራውተሩ በዚህ መካከል በደንብ ይበርዳል። ከመመሪያው የተሻለ ዘዴ እንደሆነ አምናለሁ። በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ግን ቶናም በረካም ተጠጥቶ ለውጥ አልታየም።

ሁለተኛው የዋየር ፈለግ ነው። መሪው ተጠኚ ሐ ነው። ሞተሩን በር ላይ አቁሞ ይገባል፣ ገመዱን ይነቅላል፣ ጫፉን እፍ ይላል፣ ይሰካል። ዋይፋይ የሚጠቀም ኮምፒዩተር ገመድ እንደሌለው ሲነገረው የስታቢላይዘሩን ነቅሎ እፍ አለበት። ከዚያ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አድራሻውን አየ። እዚህ ላይ ሥራው እውነተኛ ሥራ ስለነበር ልመስክርለት። አድራሻው በ169.254 ቢጀምር ኖሮ፣ ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ አድራሻ ተነፍጎ ለራሱ አድራሻ አውጥቷል ማለት ነበር፤ መታወቂያ ቢያጣ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ራሱ ማኅተም እንደመታ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ ይከበራል፣ ኬላ ላይ ግን ይመለሳል። የእትዬ ኮምፒዩተር አድራሻ በ192.168 ይጀምር ነበር። ደህና ነው። ቀጥሎ «ፒንግ» አደረገ። ፒንግ በ1983 እ.ኤ.አ. ማይክ ሙስ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሥራው ማዶ ላለ ሰው «አለህ?» ብሎ መጮህ፣ «አለሁ!» የሚለው ድምፅ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ መቁጠር ነው። ጊቤ ሸለቆ ያደገ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ራውተሩ «አለሁ» አለ። የጉግሉ 8.8.8.8ም «አለሁ» አለ። ዓለም አለ ማለት ነው። ገጹ ግን አይከፈትም።

ተጠኚ ሐ አልተረታም። «የዲኤንኤስ ነው» አለ። ዲኤንኤስን ፖል ሞካፔትሪስ ያዘጋጀው በዚያው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ጅማ ላይ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ ሁለቱ አንዱ ስለ ሌላው አልሰሙም፣ መስመር አልነበረማ። ዲኤንኤስ ስም ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ ጠቋሚ ነው። በጅማ የመንገድ ስም ይዞ ቤት የሚፈልግ የለም። ፈረንጅ አራዳ ሲደርሱ ጥግ ላይ ያለውን ባለ ሱቅ «የእገሌ ቤት የት ነው?» ይሉታል፣ እሱም በአገጩ ይጠቁማል። ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ከሄደ፣ ቤቱም አለ፣ መንገዱም አለ፣ እንግዳው ግን አይደርስም። ተጠኚ ሐ ነባሩን ጠቋሚ ሰርዞ የጉግልን ስምንቶች ጻፈ፤ እንዳይረሳም በፕላስተር ወረቀት ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጠፈ። ለሁለት ወር ያህል ደንበኞች 8.8.8.8 የፎቶ ኮፒ ዋጋ መስሏቸው ሲከራከሩ ቆይተዋል። ገጹ አልተከፈተም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ፎርማት ነበር። በአገራችን የኮምፒዩተር ሕክምና ውስጥ ፎርማት የመጨረሻ መድኃኒት አይደለም፤ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው «ቫይረስ ነው» ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደረገ። የጠፋው የእትዬ የሠርግ ቪዲዮ፣ 40 የሚሆኑ የምረቃ ጽሑፎችና ባለቤታቸው የማይታወቅ ነገር ግን ጥሩ የነበሩ የጥላሁን ዘፈኖች ናቸው። ችግሩ አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተሰነዘሩትን መላምቶች በዚህ ጥናት አላካተትኩም። ሁሉም ጥልቅ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ የጊልገል ጊቤን ግድብ፣ የሳተላይትንና የአንድ ጎረቤትን ምቀኝነት በአንድ ሰንሰለት ያያያዘ ሲሆን፣ በሚነገርበት ሰዓት ተቃዋሚ አልነበረውም። በማግስቱ ጠዋት ተናጋሪውም አላስታወሰውም።

እነዚህን ፈለጎች ሁሉ በአንድ ላይ የጣለው ማስረጃ ግን ከጠረጴዛው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተጠኚ ለ፣ በዚያው ዋይፋይ፣ በዚያው ሰዓት፣ በስልኩ ቲክቶክ እያየ ይስቅ ነበር። መስመሩ ደህና ነው። ራውተሩ ደህና ነው። ክፍያው ተከፍሏል። ጅቡቲ ደህና ናት። የታመመው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። ቡናን ያገኘው ፍየል ነው ይባላል፤ ጎማ ውስጥ ያለችው ጮጬም የዚያ ፍየል አገር እኔ ነኝ ትላለች። እረኛው የመጣው በኋላ ነው። በዚህም ጥናት ልሂቃኑ ሲከራከሩ መስመሩ እንደሚሠራ ያወቀው አንድ ልጅ ነበር፤ የጠየቀው ስለሌለ ዝም አለ።

ደብተሩ

እትዬ የገቢ ደብተር አላቸው። ለጽሕፈት አንድ ዓምድ፣ ለኮፒ አንድ፣ ለላሚኔሽን አንድ፣ ለኢንተርኔት አንድ። ይህ አጥኚ የ2017ን ደብተር ከመስከረም 1 ጀምሮ ገልጦ ሲያይ የኢንተርኔቱ ዓምድ ባዶ ነበር። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ከዚያ ጥቅምት 29 ቀን ገቢ ተጽፏል። ጥቅምት 30 ቀንም። ኅዳር 1 ባዶ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ ከርሞ ጳጉሜን 1 ቀን ገቢ አለ። ጳጉሜን 2 አለ። ጳጉሜን 3፣ 4፣ 5 አለ። በዓመት ሰባት ቀን። የቀደመውን ዓመት ደብተር አስወጣሁ። ያም እንደዚሁ ነው።

ጳጉሜንን በተመለከተ ሰፈሩ መልስ ነበረው። አንዲት ጎረቤት የሩፋኤል ዝናብ ነው አሉ፤ ጳጉሜን 3 የሚዘንበው ዝናብ ሰውን ከፈወሰ ራውተርን የማይፈውስበት ምክንያት የለም። ሐጂ በበኩላቸው የገበያ ጉዳይ አደረጉት። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ በግና ዶሮ ፍለጋ ወጥቶ መስመሩ ይቀላል። ሁለቱም ሊያከራክሩ የሚችሉ ሐሳቦች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ጥቅምት 29ን አያስረዱም። ጥቅምት 29 ማንም አይነግሥም፣ ማንም በግ አይገዛም። ዕለቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 8 ነበር። የዲቪ መሙያ ጊዜ በኖቬምበር የመጀመሪያ ሳምንት ተዘግቷል። ማለትም በዚህ ኮፒ ቤት ኢንተርኔት የመጣው ዲቪ ከተዘጋ በኋላ ነው። እትዬ ይህን «ዕድሌ ነው» ብለው ነበር የመዘገቡት፤ ሳይንስ ግን ዕድልን እንደ ምክንያት አይቀበልም።

ሐጂም ተጎድተዋል። በፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ሐጂ እዚህ ቤት ተቀምጠው «ተገናኝቷል» የሚለውን ያነብቡ ነበር።

ግኝቱ

የጥናቱን ዘዴ ለመግለጽ ብዙ ገጽ ላባክን አልፈልግም። ስክሪኑን አነበብኩት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስክሪኑን ያየ ብዙ ነው፤ ያነበበው አልነበረም። የማይከፈት ገጽ ሲመጣ ሰው የሚያየው አለመከፈቱን ነው፤ ከሥር የተጻፈውን እንደ መድኃኒት ወረቀት ያልፈዋል። በተለይ በእንግሊዝኛ ከሆነ። የተጻፈው አጭር ነበር። ለተጠኚ ለ «ምን ይላል?» አልኩት። ትምህርት ቤት እንደለመደው ቆሞ ተረጎመው፦ «ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል።»

እትዬ ቡና እየቀዱ ሳይዞሩ፣ «እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «ሁልጊዜ ነው የሚለኝ። ፈረንጅ መች ወደ ኋላ ቀርታችኋል ከማለት ያርፋል? እዘጋዋለሁ።»

እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሽኑ ሕመሙን በግልጽ ሲናገር፣ ንግግሩ እንደ ስድብ እየተቆጠረ በጨዋነት ሲታለፍ ኖሯል።

ያ ደብተር በተጻፈበት ዓመት ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው 2017 ነበር። የእኛ 2017። እትዬ በገዛ እጃቸው የሞሉት ነው፤ ቴክኒሻኑም ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲያስተካክለው የሚያደርገውን ቁልፍ በትእዛዛቸው ዘግቶላቸዋል። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው። ቤቱ የሚኖረው በማመልከቻ ነው። ማመልከቻ ላይ ቀን አለ፤ ቀኑን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሞላዋል። በአንድ ወቅት 2023 የሚል ቀን የወጣለት የአንዲት ሴት ማመልከቻ አንድ መሥሪያ ቤት ደርሶ ተመለሰ። ተቀባዩ ጸሐፊ ወረቀቱን አይቶ፣ «እናቴ፣ ይሄ የዛሬ ስምንት ዓመት የሚቀርብ ነው፤ ያኔ ይምጡ» አላቸው። ሴትዮዋ ከማና በእግር ነበር የመጡት። እትዬ ያን ቀን ኮምፒዩተሩን የአገሩን ዘመን አስያዙት።

አሁን የዓለምን ወገን እንስማ። ዛሬ ማንኛውም የተከበረ ድረ ገጽ መታወቂያ ይይዛል። መታወቂያው ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል» ተብሎ ተጽፏል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ398 ቀን በላይ የሚያገለግል አይሰጥም። ገጹ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ እንደ ኬላ ጠባቂ መታወቂያውን ተቀብሎ ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። የእትዬ ኮምፒዩተር ባለበት በ2017፣ በ2024 የተሰጠ መታወቂያ ይዞ የሚመጣ ሰው ምንድን ነው? ገና ያልተወለደ ሰው ነው። ወይም አጭበርባሪ። ጠባቂው ሁሉንም መለሳቸው። ጉግልን መለሰ፣ ባንኩን መለሰ፣ ኒው ዮርክን መለሰ። ሥራውን በትጋት ነው የሠራው። በዚህ ጥናት ውስጥ ግዴታውን ያላጓደለ ብቸኛ አካል እሱ ነው።

«ታዲያ ለምን ቢጫ ምልክት አላወጣም?» ብሎ ተጠኚ ሐ ጠየቀ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ዊንዶውስ ኢንተርኔት መኖሩን የሚፈትነው አንዲት ትንሽ ገጽ ጠርቶ ነው። በገጿ ላይ «ማይክሮሶፍት ኮኔክት ቴስት» ከሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት በቀር ምንም የለም፤ ከነክፍተቱ 22 ፊደል። ይህችን ገጽ ካገኘ ረካ፣ ካጣ ቢጫውን ያወጣል። ገጿ ግን መታወቂያ አትጠየቅም፣ በጎን በር ነው የምትገባው። ስለዚህ በ2017ም በ2024ም፣ በፈረንጅም በሐበሻም ዘመን እየገባች «ሁሉ ደህና ነው» ብላ ትወጣለች። ስልኮቹ ደግሞ ሰዓታቸውን ከኔትወርኩ ይቀበላሉ፤ የኛን ቀን የሚያሳዩት ላይ ላዩን ነው፣ ሆዳቸው ፈረንጅ ነው። ፎርማት ያልረዳውም የኮምፒዩተር ሰዓት የሚኖረው በዲስኩ ላይ ስላልሆነ ነው። እናት ሰሌዳው ላይ፣ ሳንቲም በምታክል ክብ ባትሪ እየተመገበ ለብቻው ይኖራል። ዘፈኖቹ በከንቱ ጠፉ።

የቀረው ሰባቱ ቀን ነው። እትዬ መስከረምን 1 ብለው፣ ጥቅምትን 2 ብለው ነው የሞሉት። ለኮምፒዩተሩ 2 ማለት ፌብሩዋሪ ነው፤ የ2017 ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ቀን ብቻ አለው። ጥቅምት 28 አልቆ ሲነጋ ኮምፒዩተሩ «ኅዳር 1» አለ። «ሁለት ቀን ሊበላብኝ!» ይላሉ እትዬ፣ እስካሁን እየተናደዱ። 29ን ቢሞሉት አልቀበልም አለ። በቀደመው ዓመት አንዱን ቀን ዋጥ አድርጎላቸው ነበር፤ 2016 ፌብሩዋሪው 29 ስለሆነ፣ የዚያን ዓመት ደብተር ደግሜ ሳየው እውነትም የጥቅምት ገቢ የ30 ብቻ ነው። ከላይ «እንደዚሁ ነው» ያልኩት በችኮላ ነበር፤ ይታረምልኝ። በእነዚህ እልኸኛ ቀናት እትዬ «እንግዲያስ እንደ ፍጥርጥርህ» ብለው ከስልካቸው አይተው የፈረንጁን ቀን ይሞሉለታል፤ የማመልከቻዎቹን ቀን በእጃቸው ይጽፋሉ። ጳጉሜን ላይም እንዲሁ። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ለማሽኑ ቢነግሩት አይገባውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዘመን በፈረንጁ ሳጥን አልገባ ባለባቸው ቀናት ብቻ፣ ዓለም በሩን ከፈተ። ሩፋኤል በነገሩ ውስጥ ያለው ድርሻ በዚህ ጥናት አልተረጋገጠም፤ አልተስተባበለምም።

ቀኑን አስተካከልነው። ተጠኚ ለ ጠቅ አደረገ። ገጹ ተከፈተ። ሐጂ ተነሥተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፣ የኒው ዮርክን ዋጋ በጣታቸው ተከትለው አነበቡ፣ «አሁን ገና ዋጋዬን አወቅሁ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ተጠኚ ሐ ዲኤንኤሱ እንደሆነ አስቀድሞ ተናግሮ እንደነበር አስታወሰን። ቶናው ተቀዳ።

ቶናው ሳያልቅ አንድ ሰው የታጠፈ ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የመሬት ጉዳይ ነው፣ ማመልከቻ ነው፣ ዛሬውኑ መግባት አለበት። እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ወደ ታች፣ ወደ ቀኙ ጥግ ሄዱ። አንዴ ነካ፣ ሁለቴ ነካ አደረጉ፤ ዓመቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። ኒው ዮርክ ጠፋች።

ማንም አልተቃወመም። በማግስቱ ተጠኚ ለ በሠራው ማስታወቂያ ጉዳዩ እልባት አገኘ። ጠዋት ጽሕፈት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ይላል፤ ላሚኔት ተደርጎ ከሰሌዳው ሥር ተለጥፏል። ሐጂ በሐሙሱ መጥተው በር ላይ ቆመው ሁለቴ አነበቡት።

«እትዬ» አሉ፣ «ዘጠኝ ሰዓት በማን?»